ከማክሮ ወደ ማይክሮ፦ የመሃል አዲስ አበባን የትራፊክ ሞዴል መረጃ የማሻገር የአሠራር መመሪያ

ከተማውን በሙሉ የሚይዘው ማክሮ ሞዴልና እያንዳንዷን ሚኒባስ ለብቻዋ የሚያንቀሳቅሰው ማይክሮ ሞዴል ስለ አንድ መንገድ ቢጠየቁ መልሳቸው አይገጥምም። በሰዓት 1800 ተሽከርካሪ በሚያሳልፍ መንገድ ላይ 2250 ቢጫን ማክሮው አይከፋውም። በተለመደው የቢፒአር ቀመር (ጫና ሲጨምር የጉዞ ጊዜ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያሰላው) የሚሠራ ከሆነ የጉዞ ጊዜውን በ1.37 አባዝቶ፣ አንድ ደቂቃ የነበረውን 1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አድርጎ፣ ሁሉንም ያሳልፋቸዋል። ማይክሮው ግን 1800 ካሳለፈ በኋላ የተረፉትን 450 ያቆማቸዋል። ለአንድ መኪና ከነክፍተቱ 7 ሜትር ብንይዝ በሁለት ሌን የ1575 ሜትር ሰልፍ ይሆናል። ይህን ሰልፍ ከለገሃር ወደ ላይ ብትዘረጉት ቸርችል ጎዳናን አብዛኛውን ይሸፍናል። የመጨረሻዋ መኪና የምትጠብቀው ደግሞ 15 ደቂቃ ነው።

ፋይል ከአንዱ አውጥቶ ሌላው ውስጥ መክተት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ጊዜ የሚበላው ይህን ልዩነት ማስታረቁ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎችም አብዛኞቹ ወደዚያው ያመራሉ። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት በደቡብ መስቀል አደባባይን፣ ለገሃርንና ሜክሲኮን፣ በሰሜን ፒያሳንና አራት ኪሎን፣ በምሥራቅ ካዛንቺስን፣ በምዕራብ ተክለ ሃይማኖትን ከሚያካልል አካባቢ ነው። ማክሮው በቪሱም፣ ማይክሮው በቪሲም ወይም በሱሞ እንደሚሠራ እንገምታለን። በሌላ ሶፍትዌር የምትሠሩም ብትሆኑ የምናሌዎቹ ስም ካልሆነ በቀር ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት፦ የድምር ሠንጠረዥ

አንድ የኤክሴል ገጽ ክፈቱና በየእርምጃው የተሽከርካሪውን ጠቅላላ ድምር ጻፉበት። ከማክሮው ሲቆረጥ ስንት ነበር? ወደ ተሽከርካሪ ብዛት ሲለወጥ ስንት ሆነ? ሙሉ ቁጥር ሲደረግ ስንት ቀረ? ሲሙሌሽኑ ውስጥ የገባው፣ የወጣው፣ በር ላይ (መንገድ የሞዴሉን ወሰን በሚያቋርጥበት ቦታ) የቀረውስ? ሁለት ተከታታይ ረድፎች ሲለያዩ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከጎናቸው ይጻፍ። ምክንያቱ ካልታወቀ ወደሚቀጥለው እርምጃ አትለፉ። አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሚነሳውን ችግር ግማሹን የሚይዘው ይህ ሠንጠረዥ ነው።

እርምጃ 1፦ ሰዓቱን፣ ዘመኑንና ካርታውን አንድ ማድረግ

የቆጠራ ቅጽ የሚሞሉት ልጆች ሰዓት የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ «1፡00–1፡15» ማለት ጠዋት ነው። ሶፍትዌሩ ይህንኑ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ የስህተት መልእክትም አይሰጥም። የሱሞ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በሰከንድ ስለሆነ ከጠዋቱ 1፡00 ማለት 25200፣ 3፡00 ማለት 32400 ነው። በቆጠራው ፋይል ላይ «የአገር ሰዓት» እና «የሞዴል ሰዓት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን ይኑሩ፤ አንዱን አጥፍታችሁ በሌላው አትተኩ። የማታው ጫና ከ11፡00 እስከ 1፡00 ሲቆጠር ደግሞ ከ12፡45 ቀጥሎ የሚመጣው 1፡00 ቅደም ተከተሉን ያዛባዋል፤ ፋይሉን በማብቂያ ሰዓት ስትደረድሩት የመጨረሻው ረድፍ ወደ ላይ ይወጣል።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። «ቆጠራ 2017» የሚል ፋይል በእኛ ይሁን በፈረንጆቹ ካልታወቀ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ሊደበቅበት ይችላል። ወሩም መታየት አለበት፤ በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዝናብ እየጣለ የተቆጠረውን ከኅዳር ማትሪክስ (ከየት ወደየት ስንት ጉዞ እንዳለ ከሚያሳየው ሠንጠረዥ) ጋር ማመሳከር ሁለት የተለያዩ ከተሞችን እንደማመሳከር ነው።

ወደ ካርታው ስንመጣ፣ ቆየት ያሉት የከተማው ፕላኖችና የመንገድ ዲዛይኖች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (የካርታ መለኪያ መነሻ) ነው፤ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ፍርግርግ ዞን 37 ሰሜን ሲሆን በኢፒኤስጂ፣ ማለትም በካርታ ሥርዓቶች መለያ፣ ቁጥሩ 20137 ነው። ጂፒኤስና ኦፕንስትሪትማፕ የሚጠቀሙት ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84ን ነው፤ በዩቲኤም ሲሆን ቁጥሩ 32637 ነው። ሳይለወጡ ቢደራረቡ መንገዱ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። መሃል ከተማ ላይ ይህ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የሸሸው መንገድ ሌላ ትይዩ መንገድ ላይ ሊያርፍና ትክክል ሊመስል ይችላል። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ያሉትን ሐውልቶች እንደ መፈተሻ ነጥብ ውሰዱ፤ ሁለቱም በሁለቱ ፋይሎች ላይ አንድ ቦታ ካረፉ ሌላውም ያርፋል።

እርምጃ 2፦ ወሰኑን መቁረጥ

ቪሱም ንዑስ ኔትወርክ የሚያወጣ መሣሪያ አለው። የመረጣችሁትን ክልል ይቆርጥና ወሰኑን የሚያቋርጠውን እያንዳንዱን መንገድ አዲስ የውጭ ዞን (ጉዞ የሚነሳበትና የሚያበቃበት ክልል) ያደርገዋል። ማትሪክሱንም በዚያው ልክ ይሠራዋል፤ ከውጭ ገብቶ ውስጥ የሚቀረውን፣ ከውስጥ የሚወጣውን፣ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደውንና አቋርጦ የሚያልፈውን። መሃል አዲስ አበባ ላይ አቋርጦ የሚያልፈው ብዙ ነው፤ ከቦሌ ወደ መርካቶ የሚሄደው ሁሉ በዚሁ ነው የሚያልፈው። መሣሪያው የሚሠራው በተከማቹ የጉዞ መስመሮች ላይ ስለሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት ማክሮው ላይ ድልድሉ (ጉዞዎቹን በመንገዶቹ ላይ ማከፋፈሉ) ተሠርቶ፣ ውጤቱ መለዋወጡን እስኪያቆም በደንብ ሰክኖ፣ መስመሮቹም መቀመጣቸውን አረጋግጡ።

የወሰኑ ቅርጽ ሦስት ነገሮችን ያሟላ፦

– ወሰኑ መጋጠሚያ ላይ አይውደቅ። በሁለት መጋጠሚያዎች መካከል፣ ሰልፍ በማይደርስበት ቦታ ይቆረጥ። በቦሌ መንገድ በኩል መስቀል አደባባይ ላይ ከቆረጣችሁ ወደ አደባባዩ የሚመጣው ሰልፍ ሞዴሉ ውስጥ ቦታ አያገኝም፤ ቢያንስ አንድ መጋጠሚያ ወደ ውጭ ውጡ።

– ወሰኑ ወደ ውስጥ የተሰረጎደ አይሁን። ከካዛንቺስ ተነስቶ ከክልሉ ወጥቶ በአራት ኪሎ ተመልሶ የሚገባ ጉዞ ሲቆረጥ ሁለት ጉዞ ይሆናል። የጉዞው ቁጥር ይጨምራል፣ ድምራችሁም ሳይታወቅ ይነፋል። እንዲህ ያሉትን ለይታችሁ ቁጠሩ፤ ከጠቅላላው 2 ወይም 3 በመቶ ካለፉ ወሰኑን አስፉ።

– የምታጠኑት ለውጥ መኪናን ወደየት ሊገፋ እንደሚችል አስቡ። ቸርችል ላይ አንድ መታጠፊያ ከተዘጋ ትራፊኩ ወደ ትይዩ መንገዶች ይሄዳል፤ እነዚያ መንገዶች ከወሰኑ ውጭ ከሆኑ ሞዴሉ ውጤቱን ሊያሳያችሁ አይችልም።

እርምጃ 3፦ መንገዱን ማሻገር

ከቪሱም ወደ ቪሲም የሚሄደው በኤኤንኤም ፋይል ነው፤ አንዱ ፋይል ኔትወርኩን፣ ሌላው መስመሮቹን ይይዛል። ወደ ሱሞ ሲሆን ኔትኮንቨርት የተባለው የሱሞ መለወጫ ፕሮግራም የቪሱምን የኔትወርክ ፋይል በቀጥታ ያነባል፤ ኦፕንስትሪትማፕንም ያነባል። ምክራችን ቅርጹን (የሌን ብዛት፣ መታጠፊያ፣ ኩርባ) ከኦፕንስትሪትማፕ ወይም ከዲዛይን ሥዕል መውሰድ፣ ከማክሮው ደግሞ የሊንክ (የመንገድ ቁራጭ) መለያ ቁጥሮቹን ብቻ ማምጣት ነው። የማክሮው ኔትወርክ የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነው፤ ቅርጹን አምናችሁት ማይክሮ ከሠራችሁበት ስታርሙ ትኖራላችሁ። በማክሮው የሊንክ መለያና በማይክሮው የመንገድ መለያ መካከል የማዛመጃ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፤ አንድ የማክሮ ሊንክ ከሦስትና አራት የማይክሮ ቁራጮች ጋር ሊዛመድ ይችላል። ይህ ሠንጠረዥ ከሌለ በመጨረሻ ውጤቱን ወደ ማክሮው መመለስ አይቻልም።

በእጅ የሚታረሙት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አደባባዮች። አራት ኪሎ በማክሮው ላይ አንድ ኖድ (የመገናኛ ነጥብ) ሊሆን ይችላል፤ ስድስት ኪሎም እንደዚሁ። በማይክሮው ክቡ ራሱ መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ መግቢያና መውጫ የየራሱ ነጥብ አለው። በተቃራኒው፣ መሃሉ ተከፍሎ የተሳለ መንገድ ከሌላ የተከፈለ መንገድ ጋር ሲገናኝ ካርታው አራት ኖድ ይሰጣችኋል፤ በእውነቱ ግን አንድ መጋጠሚያ፣ አንድ መብራት ነው። ኔትኮንቨርት ኖዶችን የማዋሃድ አማራጭ አለው፤ የማዋሃጃ ርቀቱ ካልተለወጠ 10 ሜትር ነው። ለሰፊ ጎዳና ይህ አይበቃም። ርቀቱን ለሁሉም ካሳደጋችሁት ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ያሉትን የተጠጋጉ መጋጠሚያዎች አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ ሰፋፊዎቹን መጋጠሚያዎች በስም ዘርዝሮ ማዋሃዱ ይሻላል።

የቀላል ባቡሩ መስመር። ከመስቀል አደባባይ በለገሃር በኩል ወደ ሜክሲኮ ሐዲዱ በድልድይ ላይ ነው የሚሄደው፤ ከሥሩ መኪና ያልፋል። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የከፍታ ደረጃው በትክክል ካልተመዘገበ ኔትኮንቨርት ሐዲዱና መንገዱ የሚቆራረጡበት ማቋረጫ ይፈጥራል። መኪኖች ያለ ምክንያት ባዶ መንገድ ላይ ሲቆሙ ካያችሁ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ። የድልድዩ ምሰሶዎች በሚያርፉበት ቦታ የሌኑ ስፋትና የመዞሪያው ቦታም እንደሚለወጥ አትርሱ።

የሌን ብዛት። ማክሮው «2 ሌን» ሲል ብዙ ጊዜ ሞዴሉን የሠራው ሰው ዳር ያለውን ሌን ቀንሶ ነው፤ ታክሲ ስለሚጭንበትና መኪና ስለሚቆምበት። ማይክሮው ላይ መንገዱን እንዳለው 3 አድርጋችሁ ቆመው የሚጭኑትን ለብቻ አስገቡ። ሁለቱን ካጣመራችሁት፣ ማለትም 2 ሌን አድርጋችሁ በዚያ ላይ ታክሲ ካስቆማችሁ፣ መንገዱን ሁለት ጊዜ ቀጣችሁት ማለት ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩት መንገዶች። የማክሮው መነሻ ዓመት ከዚያ በፊት ከሆነ ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ አካባቢ ያለው የመንገድ ስፋት፣ የብስክሌት መንገዱና የመታጠፊያው ሁኔታ ዛሬ ካለው ጋር አይገጥምም። መንገዱን ማይክሮው ላይ ብቻ አድሳችሁ የድሮውን ማትሪክስ አትጫኑበት፤ መጀመሪያ ማክሮው ላይ አድሱት፣ ድልድሉን እንደገና ሥሩ፣ ከዚያ ቁረጡ። የተነሡ ሠፈሮች ካሉ ዞኖቹ የሚያመነጩት ጉዞም አብሮ መስተካከል አለበት።

ዳገት። ማክሮው ዳገት አያውቅም። ከለገሃር ወደ ፒያሳ የሚወጣ የተጫነ አይሱዙ ግን በደንብ ያውቀዋል። ቪሲም ላይ የመንገዱን ዳገት በመቶኛ ስታስገቡ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ የተሽከርካሪውን ከፍተኛ የፍጥነት ጭማሪ በ0.1 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይቀንሰዋል። በሱሞ ከፍታው ለልቀት ስሌት ያገለግላል እንጂ መኪናው ለመነሳት ሲታገል አያሳይም፤ ስለዚህ ለከባድ ተሽከርካሪዎች የፍጥነት ጭማሪውን በእጅ ቀንሱ። በነገራችን ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል 2300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከአቅሙ አንድ አምስተኛውን ገደማ ያጣል። ሶፍትዌሩ ይዞት የሚመጣው የመነሻ ፍጥነት ለአውሮፓ መኪና፣ ለቆላ አገር ነው።

እርምጃ 4፦ ፍላጎቱን ማሻገር

የማክሮው ማትሪክስ በምን ይለካል? በሰው፣ በተሽከርካሪ ወይስ በመኪና አቻ (እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ስንት አውቶሞቢል ያህላል በሚለው)? የዚህ መልስ ሳይታወቅ የሚሻገር ቁጥር ዋጋ የለውም። ማትሪክሱ በመኪና አቻ ከሆነ እንዲህ ይለወጣል፦ ማክሮው ለአውቶሞቢል 1፣ ለሚኒባስ 1.2፣ ለአውቶቡስና ለጭነት 2.5 ሰጥቷል እንበል፤ ቆጠራችሁ ደግሞ 60፣ 30 እና 10 በመቶ አሳይቷል። አማካዩ 0.60 + 0.36 + 0.25 = 1.21 ነው። ስለዚህ 1000 የመኪና አቻ 826 ተሽከርካሪ ነው። ሳትለውጡ 1000 ብላችሁ ካስገባችሁ በአንድ ጊዜ 21 በመቶ ትራፊክ ጨመራችሁ ማለት ነው፤ መንገዱ ሲዘጋም ጥፋቱን ሾፌሩ ላይ፣ ማለትም የባህርይ ቅንብሩ ላይ ታሳብባላችሁ። ድርሻው በመላው ከተማ አንድ አይደለም፤ ወደ መርካቶ በሚወስደው የተክለ ሃይማኖት በር ያለው የጭነት ድርሻ ከካዛንቺሱ ጋር አይመሳሰልም። በየወሰን በሩ ለየብቻ አስሉት።

ሚኒባስ ታክሲ። አውቶሞቢል ይቀናኛል ያለውን መንገድ ይመርጣል፤ ሚኒባስ ግን የተሰጠውን መስመር ይዞ ይሄዳል። ማክሮው ሚኒባሶችን ከአውቶሞቢል ጋር በአንድ ማትሪክስ ደምሮ ከሆነ መጀመሪያ ቀንሷቸው፣ ከዚያ እንደ መስመር ተሽከርካሪ በየታክሲ መስመሩና በየፌርማታው አስገቧቸው። ሳትቀንሱ መስመሩን ከጨመራችሁ እያንዳንዱ ታክሲ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። አንበሳና ሸገር አውቶቡሶችም እንዲሁ ናቸው። ታክሲ የሚቆመው በተሳለው ፌርማታ ላይ ብቻ አይደለም፤ ረዳቱ «ወራጅ አለ» ሲባል የሚቆምበትን፣ ከመጋጠሚያው በኋላ ያለውን የመጀመሪያ 50 ሜትር ሄዳችሁ አይታችሁ መመዝገብ አለባችሁ። መብራት ከተለቀቀ በኋላ ያለውን ፍሰት የሚያንቀው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የቆይታ ጊዜውን በአማካይ ብቻ ሳይሆን በሥርጭት አስገቡ፤ አንዱ አውርዶ ወዲያው ይሄዳል፣ ሌላው ሞልቶ ካልሆነ አይነቃነቅም።

የዞን ማገናኛዎች። የማክሮ ዞን ብዙ ጊዜ ወረዳን የሚያህል ነው፤ የዚያ ሁሉ ሰፈር ጉዞ በአንድ ማገናኛ አንድ ኖድ ላይ ይፈስሳል። ማይክሮው ላይ ይህ ማለት ከአንድ በር በሰዓት 700 መኪና ይወጣል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ በር ደግሞ የለም። ዞኑን በሕንፃ መግቢያዎች፣ በመኪና ማቆሚያዎችና በውስጥ መንገዶች ከፋፍሉት። አንድ መግቢያ በሰዓት ከ200 እስከ 300 መኪና በላይ ሲሆንበት እንከፍለዋለን። ማገናኛው መጋጠሚያ ላይ ሳይሆን በሁለት መጋጠሚያ መካከል ይረፍ።

የቁጥር ማጠጋጋት። ይህች ትንሽ ትመስላለች፤ ብዙ ታጠፋለች። ድልድሉ የሚሰጣችሁ የመስመር ፍሰት ክፍልፋይ ነው፦ አንዱ መስመር 0.4፣ ሌላው 0.3 ተሽከርካሪ። እያንዳንዳቸው 0.4 የያዙ 400 መስመሮች ድምራቸው 160 መኪና ነው። በተራ ማጠጋጋት ሁሉም ዜሮ ይሆናሉ፤ 160 መኪና ያለ ዱካ ይጠፋል። መፍትሔው ትርፉን ማሸከም ነው፦ የአንድ መነሻና መድረሻ መስመሮችን ደርድሩ፣ 0.4 ወደሚቀጥለው ይተላለፍ፣ ድምሩ 1 ሲሞላ አንድ መኪና ይመደብ፣ ቀሪው ይቀጥል። በአንድ መነሻና መድረሻ መካከል ያለው ጉዞ ራሱ ከ1 በታች ከሆነም ትርፉን ከዚያው መነሻ ወደሚነሳው ቀጣይ መድረሻ አሻግሩት። ከዚህ በኋላ የድምር ሠንጠረዡ ከመጀመሪያው ድምር ከጥቂት መኪና በላይ መለየት የለበትም።

በ15 ደቂቃ መከፋፈል። ማክሮው የሁለት ሰዓት ወይም የአንድ ሰዓት ማትሪክስ ነው የሚሰጠው። በየ15 ደቂቃው እኩል ብትከፍሉት የጫናው ጫፍ ይጠፋል፣ ሰልፉም አጭር ይሆናል። ከወሰን በሮቹ ቆጠራ የየ15 ደቂቃውን ድርሻ አውጡ። ከ1፡00 በፊትም መንገዱን ለመሙላት የሚበቃ መሙያ ጊዜ ጨምሩ፤ ረጅሙን መስመር አንድ መኪና በጫና ሰዓት ለማቋረጥ ከሚፈጅባት ጊዜ አይነስ። የመሙያው ጊዜ ውጤት አይመዘገብም።

እርምጃ 5፦ ከአቅም በላይ የተጫነውን መለየት

መግቢያው ላይ ያልነው ልዩነት የሚፈታው እዚህ ነው። ማክሮው ላይ የፍሰትና የአቅም ጥምርታቸው ከ0.9 በላይ የሆኑትን የወሰን በሮችና የውስጥ ሊንኮች ዘርዝሩ። ከ1 በላይ የሆነ ሁሉ ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ማክሮው የሰጠው አቅም ዝቅ ብሎ ይሆናል፤ ፍላጎቱ በዝቶ ይሆናል፤ ወይም እውነት ነው፣ መንገዱ በእርግጥም በየቀኑ ከአቅሙ በላይ ይጫናል። ቦታው ላይ ሄዳችሁ ሰልፍ ካያችሁ ሦስተኛው ነው።

ሰልፍ ባለበት ቦታ የተቆጠረ ቁጥር ፍላጎትን አያሳይም፤ መጋጠሚያው ስንት ማሳለፍ እንደቻለ ብቻ ነው የሚያሳየው። ማትሪክሱን በእንዲህ ያለ ቆጠራ ካስተካከላችሁት ሰልፉን ከሞዴሉ ውስጥ ሰረዛችሁት ማለት ነው። ስለዚህ ቆጣሪው በየ15 ደቂቃው መጀመሪያና መጨረሻ የሰልፉን ርዝመትም በመኪና ብዛት ይመዝግብ። ያለፉት 380፣ ሰልፉ መጀመሪያ 40፣ መጨረሻ 95 ከሆነ ፍላጎቱ 380 + 95 − 40 = 435 ነው። ለማስተካከያ የሚገባው 435ቱ ነው።

የማክሮውን የአቅም ቁጥር ወደ ማይክሮው አታሻግሩ። ማይክሮው ላይ አቅም የሚገባ ቁጥር አይደለም፤ ከመብራቱ አረንጓዴ፣ ከመኪኖች ርቀት፣ ከታክሲው ቆይታና ከእግረኛው ማቋረጥ የሚወጣ ውጤት ነው። ውጤቱ ከማክሮው ጋር እንዲገጥም ሲባል የሚፈለገውን ፍጥነት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አድርጎ መጫን የተለመደ ማጭበርበሪያ ነው፤ ቁጥሩ ይገጥማል፣ ሰልፉና የጉዞ ጊዜው ግን ውሸት ይሆናል።

እርምጃ 6፦ መስመር ማሻገር ወይስ እንደገና ማስመረጥ?

ከማክሮው የመጡትን መስመሮች እንዳሉ መጠቀም ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ለአንድ መብራት ማስተካከያ ዓይነት ሥራ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ በተመጣጠነ ድልድል የሊንክ ፍሰቱ አንድ ብቻ ነው፣ የመስመር ፍሰቱ ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። ማለትም ማክሮው የሰጣችሁ የመስመር ክፍፍል ትክክል ሊሆኑ ከሚችሉት አንዱ ብቻ ነው። መስመሮቹን በካርታ ላይ ሥሏቸው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ በጠባብ የውስጥ መንገድ ዞሮ እዚያው የሚመለስ መስመር ካለ፣ ማክሮው የመታጠፊያ መዘግየትን ስላላሰበ ነው፤ ያንን መስመር አውጥታችሁ ፍሰቱን ለቀሩት አከፋፍሉ።

መንገድ የሚዘጋ ወይም አቅጣጫ የሚለወጥ ከሆነ ማትሪክሱን ብቻ አሻግራችሁ ማይክሮው ራሱ መስመር እንዲመርጥ አድርጉ፤ በቪሲም ዳይናሚክ ድልድል፣ በሱሞ ተደጋጋሚው የዱአራውተር (የመስመር መምረጫ ፕሮግራሙ) ስሌት። ኔትወርኩ ከተዘጋ ስሌቱ አይሰክንም፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከፍላጎቱ 60 ወይም 70 በመቶውን ብቻ ጭናችሁ ቀስ በቀስ አሳድጉት።

እርምጃ 7፦ ማስኬድና መፈተሽ

በመጀመሪያው ሙከራ ሞዴሉ ያለ ችግር ከሄደ አትደሰቱ፤ የጠፉ መኪኖችን ፈልጉ። ሱሞ ለ300 ሰከንድ ያልተነቃነቀን መኪና አንሥቶ ወደ ፊት ያሻግረዋል። ቪሲም ሌን ለመለወጥ 60 ሰከንድ የጠበቀን መኪና ከመንገድ ያጠፋዋል። ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት ሞዴሉ እንዳይታሠር ነው፤ እናንተ ግን የተዘጋ መጋጠሚያ የተከፈተ ይመስላችኋል። የስህተት ፋይሉን ክፈቱና የተነሱትን በቦታ ለይታችሁ ቁጠሩ። አንድ ቦታ ላይ ከተደጋገመ የኔትወርክ ስህተት ነው፤ ብዙ ጊዜም የመታጠፊያ ሌኑ አጭር ሆኖ ወይም የመስመር ውሳኔው ለመጋጠሚያው በጣም ተጠግቶ ነው።

ቀጥሎ በር ላይ የቀሩትን ተመልከቱ። ሰልፉ ወሰኑ ላይ ከደረሰ ቀሪዎቹ መኪኖች መግባት አቅቷቸው ከሞዴሉ ውጭ ይጠብቃሉ፤ መዘግየታቸውም በተራው ሪፖርት ውስጥ ላይታይ ይችላል። ሁለት አማራጮችን ስታወዳድሩ «የተሻለው» አማራጭ ብዙ መኪና በር ላይ ያስቀረው ሊሆን ይችላልና የገባ፣ የወጣና የቀረ ሁልጊዜ አብረው ይቅረቡ።

የፍሰት ማመሳከሪያው ጂኢኤች ነው፦ የሞዴሉና የቆጠራው ልዩነት ካሬ በ2 ተባዝቶ ለድምራቸው ይካፈልና ስኩዌር ሩቱ ይወጣል። ቆጠራው 1000፣ ሞዴሉ 860 ከሆነ 4.6 ነው፤ ከ5 በታች ስለሆነ ያልፋል። የተለመደው መስፈርት ከመፈተሻ ቦታዎቹ 85 በመቶው ከ5 በታች እንዲሆኑ ነው። ቀመሩ የሚሠራው በሰዓት ፍሰት ብቻ ነው፤ የ15 ደቂቃ ቁጥር ከገባበት ሁሉም ያለፈ ይመስላል። በዚህ ብቻ ደግሞ አትርኩ። በተዘጋ መጋጠሚያ ፍላጎቱ 2000ም ሆነ 2600 የሚያልፈው አንድ ነው፤ ስለዚህ ጂኢኤች ያልፋል፣ ሰልፉ ግን እጥፍ ስህተት ሊሆን ይችላል። ከመስቀል አደባባይ ሜክሲኮ፣ ከለገሃር ፒያሳ ባሉት መንገዶች የተለካ የጉዞ ጊዜና የሰልፍ ርዝመት ጨምሩበት። ሁሉም ነገር ቢያንስ በ10 የተለያዩ የዘፈቀደ ዘሮች (ሲሙሌሽኑ ዕጣውን የሚጀምርባቸው ቁጥሮች) ተሠርቶ አማካዩም ስፋቱም ይቅረብ።

እርምጃ 8፦ ወደ ማክሮው መመለስ

ይህን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ማክሮው የሚሻሻለው ግን በእሱ ነው። ከማይክሮው የሚመለሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የየመታጠፊያው አቅም ነው፤ የሚለካው ሰልፉ ሳይጸዳ ባለቀባቸው የመብራት ዑደቶች ላይ ብቻ ነው። ሰልፍ በሌለበት ዑደት ያለፈው ፍሰት ፍላጎት እንጂ አቅም አይደለም። ሁለተኛው የነፃ ጉዞ ጊዜ ነው፤ ከፍላጎቱ 10 በመቶውን ብቻ ጭናችሁ ስታስኬዱ የሚገኘው። በጫና ሰዓት የተለካውን መዘግየት እንዳለ ወደ ማክሮው አትክተቱ፤ ማክሮው በራሱ ቀመር ሌላ መዘግየት ስለሚጨምርበት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

በእርምጃ 3 የተሠራው የማዛመጃ ሠንጠረዥ እዚህ ያገለግላል። አንድን የማክሮ ሊንክ የሚሠሩት የማይክሮ ቁራጮች የጉዞ ጊዜያቸው ይደመራል፤ ከአቅማቸው ግን ትንሹ ብቻ ይወሰዳል። ከዚያ የማክሮው ድልድል እንደገና ይሠራል፣ ንዑስ ኔትወርኩ እንደገና ይቆረጣል፣ አዲሶቹ የወሰን ፍሰቶችም ከቀድሞዎቹ ጋር ይተያያሉ። ቸርችል ላይ የተመለሰው አቅም ከቀድሞው ካነሰ ማክሮው የተወሰነውን ትራፊክ ወደ ትይዩ መንገዶች ይገፋል፤ በበሮቹ ላይ ያለው ክፍፍልም ይለወጣል። በዋና ዋና በሮች ላይ ያለው ለውጥ ከ5 በመቶ በታች እስኪሆን ዙሩ ይደገማል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል። ከዚያ በላይ እየተወዛወዘ ከቀጠለ አዲሱንና የቀድሞውን አቅም አማካይ እየወሰዳችሁ አስገቡ።

በየዙሩ ኔትወርኩን ከባዶ አታስመጡ፤ በእጅ ያረማችሁት ሁሉ ይጠፋል። ቪሲም የተለወጠውን ብቻ የሚያስገባ የኤኤንኤም አማራጭ አለው። በሱሞ ደግሞ እርማቶቹን በተለየ የማስተካከያ ፋይል አስቀምጣችሁ ኔትኮንቨርት በየጊዜው እንዲያነባቸው አድርጉ። የፋይሉ ስም የማክሮውን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር፣ የዙሩን ቁጥርና የጠዋት ወይም የማታ መሆኑን ይያዝ።